የቅርፊት ኮት

ስማቸው ማን ነበር? አላውቅም እስካሁን፤
ጭቃ ላይ እንዳለፈ የሳቢሳ ዱካ ነው፣
ከካሴቱ ሽፋን ማን ያንብብ ፊደሉን?
አራት ወንዶች ቆመው፣
ፊታቸው እንደ ኖራ፣ ዓይናቸው ተኩሎ፣
የጫማቸው ተረከዝ አንድ ስንዝር አክሎ፣
ከወደ ጃፓን አገር ያዩናል አፍጥጠው።

ያመጣው ኖሪዮ ነው፣ የክትባቱ ወጣት፣
ከዘጌ እስከ ዳንግላ፣ ላንድሮቨር እየነዳ
ክንድ ሲወጋ ከርሞ ፈንጣጣን ለማጥፋት።
ሱሪ ላሳጠረለት ለይርሳው፣ ሲሰናበት፣
ካሴቱን አኖረ ከሲንጀሩ አናት፤
"እነዚህ፣ የመጀመሪያ" አለው በሰባራ አማርኛ፣
"ሲወጡ... ሰው ሳቀ።
ኋላ... ሰው ተኳለ።"

ይርሳው ልብስ ሰፊ ነው፣ ከጨርቃ ጨርቁ በር
ዋርካ ሥር የሚውል።
እናቱ ስታወጣው "ሞት ይርሳው" ብላ ነው፤
ሞትስ እሺ፣ ረሳው፤
ፈንጣጣ ግን መጣ፣ በሰባት ዓመቱ፣ አስታወሰው።
ፊቱ የግንቦት ጠብታ የመታው አቧራ፣
ሲለካን ቀና አይልም፣
ወገባችንን እንጂ ዓይናችንን አያይም፤
መርፌውን ነክሶ "ዞር በል" ይላል፣
ሌላ ቃል የለውም።

ያንን ሽፋን ግን አየው።
ቀኑን ሙሉ አየው።
ፊቱን የሚቀባ ወንድ አለ ለካ ምድር ላይ፣
የተሰጠውን ትቶ የመረጠውን የሚያሳይ።

ከዚያ ወዲያ ማታ ማታ፣ ዓሣ ሲበለት ከሚውልበት ዳር
የቆሮሶ ቅርፊት በጆንያ ይለቅማል፤
ያጥባል፣ ያሰጣል፣
በመርፌ ጫፍ ይበሳል፣
አንድ በአንድ ይሰፋል።
"ለመድኃኒት ነው" ይላል ለጠየቀው ሁሉ።
(ውሸት አልነበረም። የገባኝ አሁን ነው።)

የስልሳ ስድስት ገና፣ የሠራተኞች ክበብ፤
አዳራሹ ጢም ብሏል፣ አግዳሚው ሞልቷል በሰው።
ይርሳው ቴፑን ከፍቶ መድረክ ላይ ብቅ አለ፤
ኮቱ ጣና ነበር፣ ጨረቃ ያረፈው።
ፊቱ ላይ የሕፃን ፓውደር፣ ዓይኑ ላይ የናቱ ኩል፣
ከንፈሩን ለማያውቀው ቋንቋ እያላወሰ
ቀና ብሎ አየን።

እኔ ነኝ የሳቅሁት።
አሥራ ሁለት ዓመቴ፣ መስኮት ላይ ተንጠልጥዬ፣
"ድመት ጥሩ!" ያልሁት፣
"ኧረ ድመት ጥሩ!" ብዬ።
ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ አለቃው ሳይቀር እንባውን ጠረገ፤
ቴፑም በዚያው ቅጽበት ካሴቱን አኘከ።
ሙዚቃው ተቋርጦ፣
የይርሳው ከንፈር ግን ሥራውን አልተወም፣
ቃል በቃል፣ በጸጥታ፣
ዘፈኑ እስኪያልቅ ድረስ።

በማግስቱ ዋርካው ሥር ነበር፣ ሱሪ ሲያሳጥር።
አንድ ነገር ብቻ ተለወጠ፤
ሲለካን ዓይናችንን ማየት ጀመረ፣
ያቀረቀርነው እኛ ነን።

ዋርካው ዛሬ የለም፣ ባጃጅ ይቆምበታል።
ይርሳውም አፈር ገባ፤ ልጁ እቃውን ሲያወጣ
"ይሄን ማን ይወስዳል?" አለ።
እጄን አወጣሁ፣ ተማሪ ቤት እንዳለ ልጅ።

ካሴቱን በእርሳስ አጠንጥኜ ባስጮኸው
ሹክሹክታ ነው የቀረው፣
ከሹክሹክታው ሥር የአንድ ከበሮ እርግጫ።
እነዚያ አራቱ፣ ካሉ፣ አርጅተዋል፤
ባሕር ዳር የሚባል አገር መኖሩንም አያውቁ፣
ዓሣ ለብሶ አንድ ሰው እንደ ዘመረላቸው።
"ኋላ" ያለው ኖሪዮ፣
የኛ ሰፈር ኋላ ገና አልደረሰም መሰል፤
እኔ እንኳ በስልሳ ሁለት ዓመቴ
በሩን ቆልፌ አንድ እጅጌ አጥልቄ
ሁለተኛውን ፈራሁት።

መስኮቱ አጠገብ ሰቀልሁት።
ረፋድ ላይ ፀሐይ ስትገባ
ኮርኒሱ ውኃ ይሆናል፣ ይርገበገባል።
ዛሬ ደግሞ፣ ከሃምሳ ዓመት በኋላ፣
የጎረቤት ድመት በመስኮቱ ዘልቃ
ከኮቱ ሥር ተቀመጠች፣
ሽቅብ እያየች፣
ማን እንደጠራት የምታውቅ ይመስል።